ከመርዶው በኋላ የሚከፈት

ለውድ ወንድሜ ለኪዳነወልድ አባይነህ፣ አሰብ ወደብ።

እንደምን ከርመሃል ወንድምዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል ከአፍህ ይገባል? የአሰብ ወበቅ አሁንም ያንን ደረትህን ያፍነዋል ወይ? ዱሮ እነዚህን ጥያቄዎች ለወጉ ያህል ደርድሬ አልፋቸው ነበር፤ ዛሬ ግን የእያንዳንዱን መልስ እፈልገዋለሁ። እኛን ብትጠይቅ፣ እማዬም እኔም በእግራችን ቆመናል። ደህና ነን ብዬ አልጽፍልህም፤ ውሸቱ ይብቃን።

ይህን ደብዳቤ ጋሼ አሚን በእጅህ የሚሰጡህ መርዶውን ከነገሩህ፣ አልቅሰህም ፊትህን ከታጠብክ በኋላ ነው። እንዲህ ያድርጉ ብዬ አደራ ብያቸዋለሁ፤ አማና ነው ብለው ደረታቸውን መትተው ተቀብለውኛል። ምናልባት ተሳስተው አስቀድመው ሰጥተውህ ከሆነ ግን እዚህ ላይ አቁም። ቀና ብለህ ፊታቸውን እይ፣ የሚሉህንም ስማ፣ ከዚያ ተመልሰህ አንብበው።

እንግዲህ ሰምተሃል። አባባ የሉም። ጥር ውስጥ፣ ከአስተርእዮ ማርያም ቀደም ብሎ፣ ያ የደረት ሕመማቸው ጠንቶባቸው እጄ ላይ አረፉ። ብዙ አልተሰቃዩም፤ ላጽናናህ ብዬ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። የሐረር መድኃኔ ዓለም ግቢ ሰው አልበቃውም ነበር። የድሬ ጠያራ ገበሬ ሳይቀር ተነቅሎ መጥቶ፣ እስላሙ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንባውን በሽርጡ ሲጠርግ ብታይ ኖሮ፣ አባባ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ እንደ አዲስ ታውቅ ነበር። የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ። ለቀስተኛው ሁሉ ልጁስ የታለ እያለ ሲጠይቅ፣ ጎረቤታችን እትዬ ለተማርያም አልሰማም፣ ቀስ በሉ እያሉ አፍ ያስይዙ ነበር።

አሁን ደግሞ ጋሼ አሚን የማይነግሩህን ልንገርህ፤ ይህኛውን ለእኔ ተዉልኝ ብያቸዋለሁ። ቤታችን የለም። ሸዋ በር አጠገብ ያለው፣ አያታችን ያቆመው፣ አንተም እኔም የተወለድንበት ቤት በሐራጅ ተሸጧል።

አባባ ድሬ ጠያራ ላይ ብርቱካን ለመትከል ከመንግሥት ባንክ መበደራቸውን ታውቃለህ፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበርክ። ቤቱን መያዣ አድርገው እንደነበርም ታውቃለህ። ማሳቸው ከእኛ ማሳ የሚዋሰነው ጋሼ አሚን፣ ወለድ ያለበት ብር ሐራም ነው፣ ይቅርብህ ብለው ነበር። አባባ እየሳቁ፣ ለእናንተ ሐራም ነው፣ ለእኛ ዕዳው ገብስ ነው አሏቸው። ከዚያ ዝናቡ ሁለት ክረምት በተከታታይ ከዳ። ጋሼ አሚን ከራሳቸው ጉድጓድ ውሃ እየቀዱ በአህያ ቢያመላልሱም ችግኙ ቆሞ ደረቀ። አንተ የማታውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ባለፈው መስከረም የሐራጅ ማስታወቂያ ፈረስ መጋላ፣ ገበያው ግንብ ላይ ተለጠፈ፣ የአባባ ስም በጉልህ ተጽፎ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ፈረስ መጋላን አልረገጡም። ቤተ ክርስቲያን እንኳን ሲሄዱ በጓሮ በጓሮ እየዞሩ ነበር። ለልጁ እንዳትነግሩ፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብለው አስማሉን። ያ ማስታወቂያ ነው የገደላቸው፤ ሐኪሙ ሳንባ ይበል እንጂ እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? አባባ ከተቀበሩ በኋላ፣ የካቲት ላይ፣ ፈረስ መጋላ ሽንኩርት ልገዛ ወርጄ ሰው ሁሉ ከአንድ ሱቅ ሬዲዮ ፊት ተኮልኩሎ አገኘሁት። ፓርላማው አዋጅ አውጥቷል፣ ድርቅ የመታቸው የባንኩ ባለ ዕዳዎች ምሕረት ተደርጎላቸዋል ይላል። ወለዱ ይሰረዛል፣ ዋናው ብድር በረጅም ዓመት ቀስ ተብሎ ይከፈላል፣ የተያዘው ቤትና መሬትም ከሐራጅ ይወጣል። አንዱ እልል ሲል ሌላው አላህን ሲያመሰግን፣ እኔ ሽንኩርቴን በነጠላዬ እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምነው ትንሽ ቀደም ብሎ! አባባ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ከአልጋቸው ይነሡ ነበር እያልኩ። ከዚያ ግን ደስ አለኝ ኪዳኔ። አባባ ባይተርፉም ቤታቸው ተረፈ አልኩ። እየሮጥኩ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት፤ ከሐዘኗ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች።

በማግሥቱ ባንክ ቤት ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው ሰው ጨዋ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ባለ ዕዳው ሞቶ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ፈርመው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ማመልከት አለባቸው አለኝ። ወራሾቹ እማዬ፣ እኔና አንተ ነን። ምን ችግር አለው ትል ይሆናል። ችግሩ፣ ወረቀቱ «ሟች አባታችን» ብሎ መጀመሩ ነው። አንተ ደግሞ አባትህ መሞታቸውን አታውቅም።

ወጋችንን ታውቀዋለህ። በሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው መርዶ በወረቀት አይላክም። ሽማግሌ ባለበት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ክንዱን ደግፈው ነው የሚነግሩት። እማዬ ደግሞ ከወጉም በላይ ምክንያት አላት። ወንድሟ ለገሠ፣ አንተ ያልደረስክበት አጎታችን፣ ጅጅጋ ወታደር ሳለ የእናቱን ሞት በደብዳቤ ተጽፎለት ብቻውን አነበበው። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ከሰፈሩ ወጥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ሬሳው አልተገኘም። ስለዚህ ለኪዳኔ እንጻፍለት ባልኩ ቁጥር እማዬ፣ ወረቀት ወንድሜን በልቶብኛል፣ ልጄን አልጨምርለትም ትለኛለች። ቤት ይሸጣል፣ ልጅ አይሸጥም ትለኛለች። ምን ትመልስላታለህ?

የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ከእሷ ጋር ወገኑ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለህ ጽፈህ ስለነበር፣ ቀኑ ሩቅ አይደለም፣ ይምጣና በአባቱ ቤት፣ በዘመዶቹ መካከል ይነገረው፣ ያኔ ይፈርማል አሉ። ጋሼ አሚን ብቻ ናቸው የተቃወሙት። እማዬን በስሟ ጠርተው፣ ተናኘ፣ ሞት ሐቅ ነው፣ ሐቅ ደግሞ ይነገራል እንጂ አይደበቅም፣ እኛ ዘንድ በዕለቱ ቀብረን በዕለቱ እንናገራለን አሉ። ወላሂ ራሴ አሰብ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ ብለውም ነበር። በዚህ ዕድሜዎ አይንከራተቱ፣ ልጁ እየመጣ ነው ተብለው ተመለሱ።

በመካከሉ አባባ እንደምን ናቸው እያልክ ስትጽፍ የመለስንልህ ደብዳቤ፣ አባትህ ሳሉ ቀለል ብሏቸዋል፣ ይመርቁሃል የሚለው፣ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። እምቢ ብዬ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው የጻፈው። እንዴት አላወቅክም? እኔ መቼ እንዲህ ያለ የተዋበ ጽሕፈት ኖሮኝ ያውቃል!

በሕማማት ሳምንት ደብዳቤህ መጣ። መርከብ በዝቶ ፈቃድ ተከልክለሃል፤ ለሐምሌ ነው የምትመጣው። ለእማዬ አነበብኩላት። እኔን ታውቀኛለህ፣ ምላሴ ከእግሬ ይቀድማል፤ የዚያን ቀን ግን እግሬ ቀደመ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ቴሌግራፍ ልልክልህ ወጣሁ። የቴሌግራፍ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስደርስ እማዬ ከኋላዬ፣ ሻሿ ወልቆ፣ በባዶ ራሷ መንገድ ለመንገድ እየሮጠች መጣች። በሰው ፊት እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ይህን ብታደርጊ የጠባሽው ጡቴ ይፋረድሽ አለችኝ። ኪዳኔ፣ እናት በጡቷ ስትረግም ማን ይራመዳል? ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት ባልመለስስ ኖሮ እላለሁ፤ ሲነጋ ደግሞ እሷን አይና እተወዋለሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ አንድ መላ አገኙ። የአባባ የማኅበር ወንድም ጋሼ እንደሻው በጭነት መኪናቸው ወደ አሰብ ጨው ሊጭኑ ይሄዱ ነበር። እሳቸው ይንገሩት፣ ወረቀቱንም አስፈርመው ይምጡ ተባለ። እማዬም ሰው አጠገቡ ካለ ይሁን ብላ ፈቀደች። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ ወረቀቱ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ ሸኘናቸው።

ያን ምሳ ታስታውሰዋለህ። ወደቡ አጠገብ አሣ ጋብዘሃቸዋል። የአገር ሰው መጣ ብለህ ጓደኞችህን ጠርተህ ስታስተዋውቅ፣ ስትስቅ፣ ስትጫወት ዋልክ። ከመርከበኛ የገዛኸውን ጥቁር ካፖርት አምጥተህ እሳቸው ላይ ለክተህ፣ አባባ ልክ እንደ ጋሼ እንደሻው ናቸው፣ እጅጌው ብቻ ይረዝም ይሆናል አልክ። እንዲያውም ማታ ማታ ከደጅ ሲቀመጡ የሚነክሳቸው ብርድ ተሸነፈ ብለህ ተሳሳቅክ። አባባ ደህና ናቸው ወይ ብለህ ስትጠይቅም ደህና ናቸው አሉህ። ያን ትልቅ ሰው ቃል ከዳቸው። ብቻዬን ነበርኩ ሮማን፣ ካፖርቱ እኔ ላይ እያለ እንዴት ብዬ ልናገር፣ እጁ እኮ ትከሻዬ ላይ ነበር አሉኝ።

ሲመለሱ መኪናቸውን ከሩቅ አቁመው በእግራቸው መጡ። ቤት አልገቡም። በራችን ላይ ባለችው በአባባ የድንጋይ መደብ፣ አባባ አመሻሽ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ጤና ይስጥልኝ በሚሉባት መደብ ላይ፣ ካፖርቱንና የላክኸውን ተምር አስቀምጠው ቆሙ። ወረቀቱን ሲዘረጉልኝ የፊርማህ ቦታ ባዶ ነው። ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። ካፖርቱን ሳየው ግን እሳቸውን አቅፌ አለቀስኩ። በስተርጅና ሰው ፊት የሚያለቅሱ ወንድ ላይ ምን ብለህ ትጮሃለህ? ሰዓቱም አልፎ ነበር፤ ቴሌግራፍ ብልክ እንኳን የአንተ ፊርማ በፖስታ ተመልሶ ሊደርስ አይችልም።

ሚያዝያ ባለቀበት ቀን የባንኩ ሰውዬ መዝገባችንን እስከ ማታ ሳይዘጋ ጠበቀኝ። እኔም የእማዬንና የራሴን ፊርማ ብቻ ይዤ ሄድኩ። አገላብጦ አየውና፣ እህቴ፣ ቢፈቀድልኝ ኖሮ እኔው በፈረምኩልሽ አለኝ፤ ዓይኑም ውሃ ሞልቶ ነበር። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ግንቦት ላይ ሐራጁ ሆነ። የሰፈራችን ሰው እንባ ያለበት ቤት አንገዛም ብሎ አንድም ሰው ዋጋ አልጠራም፤ የገዛው ከድሬዳዋ የመጣ ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስንወጣ ዕቃችንን እንኳን አሸክሞልናል። ሱቅ ሊያደርገው ነው መሰል በገባ በሳምንቱ በሩን አሰፋው፤ የአባባን መደብም አፈረሰው። ድንጋዩን ጋሼ አሚን በአህያ ጭነው ወሰዱት። ምን ሊያደርጉለት ነው ብላቸው፣ ድሬ ጠያራ ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ ሰላምታ ተባብለንበታል አሉኝ።

ከእኛ የባሰ ዕዳ የነበረባቸው ሰዎች ዛሬ በየራሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሳልፍ ሰላም ይሉኛል። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው፤ አንጀቴ ይቃጠላል። አዋጁ ለአገሩ ሁሉ ወጥቶ እኛን ብቻ ሳይነካን በደጃችን አለፈ።

አሁን ለምን ነገራችሁኝ፣ እስከ ሐምሌ መጠበቅ አይቻልም ነበር ወይ ትላለህ። ይህን የወሰነችው እማዬ ራሷ ናት። አንድ ማለዳ ተነሥታ፣ ሮማን፣ ልጄ ሲመጣ እኮ የዱሮውን በር ነው የሚያንኳኳው አለችኝ። ሌላ ሰው ከፍቶ፣ እነሱ ወጥተዋል፣ ሽማግሌውም ሞተዋል ሊለው ነው አለችኝ።  ያኔ ጋሼ አሚንን ራሷ አስጠርታ፣ ያን ጊዜ ልሂድ ሲሉ ከልክዬዎታለሁ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምለምንዎት አለቻቸው። እሳቸውም ባሕር አይተው የማያውቁ ሰው፣ ኢንሻአላህ እደርሳለሁ ብለው የክት ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሡ። ጋሼ እንደሻው ናቸው የሚነዱት፤ አሰብ ያሉትን የሐረር ልጆችም ጎህ ሳይቀድ ይዘው ይመጣሉ። ብቻህን አልተውንህም ወንድሜ። ዘግይተን ይሆናል እንጂ ብቻህን አልተውንህም።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። እማዬን ስለ ቤቱ አትጠይቃት። እኔን ስደበኝ፣ ሽማግሌዎቹን ውቀሳቸው፣ በጋሼ እንደሻው ላይ ቅር ይበልህ፤ እሷን ግን ለምን ብለህ ዓይኗን አትያት። የልጄን ቤት ያስበላሁ እኔ ነኝ እያለች ትቃዣለች። አንተ በሕይወት እንድትቆይላት ብላ ነው የሰጠችው። እኔ በዚህ ስንት ቀን ተናድጄባታለሁ፣ ተኳርፈንም ሰንብተናል፤ ይህን ስጽፍ ግን እጄን ልቤ ላይ አድርጌ ቤቱን በአንተ መለወጧን አልጠላሁባትም። ቤቱ ቢተርፍና አንተ እንደ አጎታችን ለገሠ ብትሆን ኖሮ የትኛው በር ላይ ቆሜ እጠብቅህ ነበር?

እማዬ ዓይንህን በዓይኔ ያሳየኝ ትልሃለች፤ ሌላ ቃል ጨምሪ ብላት አልቻለችም። እትዬ ለተማርያም እግዜር ያጥናህ ይሉሃል፤ ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ለቀውልን ኪራይ አንቀበልም ብለው ከእኔ ጋር በየሳምንቱ ይጣላሉ። የጋሼ አሚን ባለቤት እትዬ ሩቂያ ሰብር፣ ትዕግሥቱን ስጠው እያልኩ ዱዓ አደርጋለሁ ብለዋል፤ የላኩልህ ማርም በጋሼ አሚን ስልቻ ውስጥ ነው፣ እንዳይረሱት አስታውሳቸው። ጋሼ እንደሻው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሊቀሩብህ ይችላሉ፤ ወጥተህ አንተ ሳማቸው። አብረውህ ለሚኖሩት ጓደኞችህም፣ ዛሬ አጠገብህ ለተቀመጡት ሁሉ፣ እጅ ነሥታለች በላቸው።

ስትመጣ መንገዱን ልንገርህ። ሸዋ በር ከመኪና ስትወርድ እግርህ እንደ ልማዱ ወደ ቤታችን ሊወስድህ ይፈልጋል፤ አትስማው። ገበያውን ለቀህ ወደ ላይ ውጣና የእትዬ ለተማርያምን የቆርቆሮ አጥር ስታገኝ ግባ። አመሻሽ ላይ ከደረስክ ማንንም መጠየቅ የለብህም። በደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ እጅጌው የሚረዝማት ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ አላፊ አግዳሚውን ጤና ይስጥልኝ የምትል አሮጊት ታያለህ። እናትህ ናት።

እህትህ ሮማነወርቅ አባይነህ

ሐረር፣ ሰኔ ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.